አክተር አይሞትም

እኔ ባደግሁበት ሰፈር ቪዲዮ ቤት ውስጥ አንድ የማይሻር ሕግ ነበር፤ አክተር አይሞትም። ሕንፃ ቢደረመስበት፣ መኪናው ገደል ቢገባ፣ አርባ ሰው በአንዴ ቢተኩስበት አክተሩ አቧራውን አራግፎ ይነሣል። ፊልሙን ቀድሞ ያየ ልጅ «አትስጉ፣ እሱ አክተሩ ነው» ካለን ልባችን ያርፋል። አክተር ማለት ማንኛውም ተዋናይ መሆኑን ያወቅነው ካደግን በኋላ ነው። ለእኛ አክተር ማለት የማይሞተው ሰውዬ ነበር።

ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ማታ፣ አያት በሚገኘው ቤታችን ሳሎን ውስጥ ይህ ሕግ ተሻረ። የጄምስ ቦንድን 25ኛ ፊልም፣ «ኖ ታይም ቱ ዳይ»ን እያየን ነው። መጨረሻው ላይ የ14 ዓመቱ ልጄ ከሶፋው ላይ ተነሥቶ ቆመ።

«ማሚ፣ አክተሩ ሞተ እኮ!»

አባቴ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከጎኔ ተቀምጠዋል። «ይሄ ቦንድ አይደለም» አሉ ቆፍጠን ብለው። «ቦንድ ሾን ኮነሪ ነው። እሱ ደግሞ አይሞትም።»

የ16 ዓመቷ ልጄ ከስልኳ ቀና ሳትል «ለእኔ ከሁሉም የሚሻለው ይሄኛው ነው» አለች።

እኔ ምንም አላልኩም። የእኔ ቦንድ ሌላ ነው። 14 ዓመት ሲሆነኝ «ጎልደን አይ» የወጣልኝ ሰው ነኝና ለእኔ ቦንድ ማለት ፒርስ ብሮስናን ነው፤ ከረባቱን ሳያጣምም በታንክ ከተማ የሚያፈርሰው። እንግዲህ አንድ ሶፋ ላይ ሦስት ትውልድ ተቀምጦ፣ ሦስቱም የየራሱ ቦንድ አለው። ስንት ፊልም ነው እንዲህ ከአያት እስከ የልጅ ልጅ የሚያከራክር? ውድ አንባቢያን፣ በዚህ ወር ይህ ሰላይ እንዴት ከ60 ዓመት በላይ እንደኖረ፣ እኛም ቤት ምን ዓይነት ጥያቄ ይዞ እንደገባ ላጫውታችሁ። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጠቅሳለሁ፤ የእኛ ሲሆን እነግራችኋለሁ።

ከጃማይካ የተነሣው ሰላይ

ጄምስ ቦንድን የፈጠረው እንግሊዛዊው ኢያን ፍሌሚንግ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በእንግሊዝ ባሕር ኃይል የስለላ ክፍል ሠርቷል። ከጦርነቱ በኋላ ጋዜጣ ቤት ተቀጥሮ፣ በየዓመቱ ክረምቱን የሚያሳልፍበት ቤት ጃማይካ ውስጥ ሠራ። ስሙንም «ጎልደን አይ» አለው። የመጀመሪያውን ልብ ወለድ፣ «ካዚኖ ሮያል»ን በ1952 እዚያ ቤት ተቀምጦ ጻፈ፤ መጽሐፉ በቀጣዩ ዓመት ታተመ። የጀግናውን ስም ያገኘው ደግሞ ከወፍ መጽሐፍ ነው። ጄምስ ቦንድ የሚባል አሜሪካዊ የወፍ ተመራማሪ ስለ ካሪቢያን ወፎች የጻፈው መጽሐፍ ቤቱ ነበር። ስሙ አጭርና ተራ ስለሆነ ለሰላይ ይሆናል ብሎ ወሰደው።

ፊልሙን ያመጡት አልበርት ብሮኮሊ እና ሃሪ ሳልትዝማን የተባሉ ሁለት ፕሮዲዩሰሮች ናቸው። አንድ ሚሊዮን ዶላር ገደማ በጀት ይዘው «ዶክተር ኖ»ን ጃማይካ ውስጥ ቀረጹ። ለመሪነቱ የመረጡት ኤድንብራ ውስጥ ወተት ያመላልስ የነበረ፣ ያን ያህል ያልታወቀ የስኮትላንድ ሰው ነው፤ ሾን ኮነሪ። ፍሌሚንግ መጀመሪያ ሰውዬው ለቦንድ የሚመጥን አልመሰለውም ነበር። ፊልሙ ከወጣ በኋላ ግን ሐሳቡን ለወጠ፤ ቆየት ብሎ በጻፈው መጽሐፍ ላይ ለቦንድ የስኮትላንድ ተወላጅ አባት ሰጠው። «ዶክተር ኖ» ለንደን ላይ የተመረቀው ጥቅምት 5 ቀን 1962 ነው። በእኛ መስከረም 25 ቀን 1955 መሆኑ ነው።

እዚህ ላይ አባቴ በጣም የሚወዱት አንድ ወሬ አለ። በዚያ ፊልም መጀመሪያ ገደማ ቦንድ ኪንግስተን አየር ማረፊያ ይደርሳል። ፊልሙ በወጣ በአራተኛው ዓመት፣ በእኛ ሚያዝያ 13 ቀን 1958፣ የጃንሆይ አውሮፕላን እዚያው አየር ማረፊያ አረፈ። የተቀበላቸው የራስተፈሪያን ሕዝብ ሜዳውን ከማጥለቅለቁ የተነሣ ጃንሆይ ከአውሮፕላኑ ለመውረድ ብዙ መቆየት ነበረባቸው። ወሬው በዚህ አያበቃም። ለ«ዶክተር ኖ» የመቅረጫ ቦታ እየፈለገ ይረዳ የነበረው ወጣት ክሪስ ብላክዌል ይባላል። የቦብ ማርሊን ሙዚቃ ለዓለም ያደረሰው አይላንድ ሬከርድስ የእሱ ነው። በኋላም የፍሌሚንግን ቤት፣ ጎልደን አይን፣ የራሱ አደረገው። ሰላዩም ሬጌውም በአንድ ደጃፍ ያለፉ ናቸው።

ስድስት ፊት፣ አንድ ስም

ኮነሪ ከ1962 እስከ 1971 ባሉት ዓመታት ስድስት ፊልም ሠራ። በመሐል፣ በ1969፣ አንድ ጊዜ ብቻ አውስትራሊያዊው ጆርጅ ላዘንቢ ተተካ። ከዚያ ሮጀር ሙር መጣ፤ ከ1973 እስከ 1985 ሰባት ፊልም። ሙር ቀልደኛ ነው፤ ጥይት ሲተኮስበት እንኳ ቅንድቡን ብቻ ነው ከፍ የሚያደርገው። ቲሞቲ ዳልተን በ1987 እና በ1989 ሁለት ሠራ። በሕግ ክርክር ምክንያት ስድስት ዓመት ፊልም ሳይወጣ ቀረና፣ ብዙ ሰው ቦንድ አበቃለት ሲል ብሮስናን በ1995 መጣ። አራት ፊልም ሠርቶ በ2002 ለቀቀ። ዳንኤል ክሬግ በ2006 ጀምሮ በ2021 በአምስተኛው ጨረሰ።

ፊቱ ይቀያየር እንጂ የሚጠበቀው ነገር አይቀየርም። መጀመሪያ በሽጉጥ አፈሙዝ ውስጥ የሚታየው ሰውዬ፣ ያ ሙዚቃ፣ መኪናው፣ የመሥሪያ ቤቱ መሣሪያ ሠሪ የሚያስረክበው ጉደኛ ሰዓት፣ ስሙን ሲናገር መጀመሪያ የአባቱን ስም የሚያስቀድመው ነገር። እንደ ዶሮ ወጥ ነው። ባለሙያው ይለያይ እንጂ እንቁላሉ ከጎደለ ሁሉም ያጉረመርማል።

የሚቀየረው ጠላቱ ነው። የዘመኑን ፍርሃት ማወቅ የፈለገ የቦንድን ጠላቶች ይቁጠር። በ1960ዎቹ ዓለም በኒውክሌር ይንቀጠቀጥ ስለነበር፣ በ1965ቱ «ተንደርቦል» ወንበዴዎቹ የሰረቁት የአቶሚክ ቦምብ ነው። በ1974 የነዳጅ ዋጋ ሰማይ ሲነካ፣ ነገሩ ሁሉ በፀሐይ ኃይል ዙሪያ ሆነ። በ1977 «ስታር ዋርስ» ዓለምን ሲያሳብድ፣ ቦንድም በ1979 ጠፈር ወጣ። በ1987 አፍጋኒስታን ገባ። በ1997 ጠላቱ ጦርነት ቀስቅሶ ዜናውን የሚሸጥ የሚዲያ ባለሀብት ነው። በ2008 የቦሊቪያን ሕዝብ ውኃ በድብቅ የሚይዝ ነጋዴ፣ በ2012 ኮምፒውተር ሰብሮ የሚገባ የቀድሞ ሰላይ። በ2021 ደግሞ በንክኪ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ የማይታይ መሣሪያ። ይህን ፊልም ቀርጸው የጨረሱት ኮቪድ ከመምጣቱ በፊት ነው፤ ሊወጣ ሲል ግን በወረርሽኙ ምክንያት ከአንድ ዓመት በላይ ዘገየ።

አባባ፣ እምቢ አለች እኮ

በዚያ ቅዳሜ ክርክር መሐል አባቴ «እንግዲያው እውነተኛውን ቦንድ አሳያችኋለሁ» አሉ። በሳምንቱ ፈንዲሻው ተፈነዳ፣ ቡናው ተፈላ፣ «ዶክተር ኖ» እና «ጎልድፊንገር» ተከታትለው ተከፈቱ። አባቴ «ጎልድፊንገር»ን ያዩት ተማሪ ሳሉ ፒያሳ ነው። ከጓደኞቻቸው ጋር የሻይ ገንዘባቸውን አጠራቅመው መግባታቸውን፣ ሲወጡ ሁሉም እንደ ኮነሪ እየተራመዱ እስከ አራት ኪሎ መሄዳቸውን ሲነግሩን ፊታቸው የ15 ዓመት ልጅ ፊት ሆነ።

ነገሩ መበላሸት የጀመረው በ«ዶክተር ኖ» ነው። ቦንድን የሚረዳ፣ ጀልባ የሚቀዝፍ፣ ባሕሩን የሚያውቅ ኳረል የሚባል የካይማን ደሴቶች ሰው አለ። ቦንድ አንድ ቦታ ላይ ጫማውን እንዲያመጣለት ያዘዋል። ብዙም ሳይቆይ ኳረል በእሳት ተቃጥሎ ይሞታል። ትንሹ ልጄ «ጥቁሩ ሰውዬ ነው የሚሞተው? ሥራውን ሁሉ የሠራው እሱ አይደል እንዴ?» አለ። አባቴ «ዝም ብለህ እይ» አሉት።

«ጎልድፊንገር» ላይ ደግሞ የበለጠ መጣ። መጀመሪያ ላይ ቦንድ አንዲትን ወጣት፣ የወንዶች ወሬ ሊያወራ ስለፈለገ መቀመጫዋን መታ አድርጎ ያባርራታል። ወደ መጨረሻው አካባቢ፣ ጎተራ ውስጥ፣ አንዲት ሴት እየታገለችው በጉልበት ይስማታል። እሷም ወዲያው ልቧ ተሸንፎ ወደ እሱ ወገን ትገባለች፤ ዓለምም በዚህ ትድናለች።

ትልቋ ልጄ ስልኳን አስቀመጠች።

«አባባ፣ እምቢ አለች እኮ። አልሰማትም?»

ሳሎኑ ጸጥ አለ። ቡናው ብቻ ነው የሚንተከተከው። አባቴ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። እኔ ፊልሙን ላቋርጠው ሪሞቱን አነሣሁና መልሼ አስቀመጥኩት። የከነከነኝ አባቴ አይደሉም። ይህን ፊልም እኔም በእሷ ዕድሜ በኪራይ ካሴት አይቼዋለሁ። ያን ትዕይንትም አይቼዋለሁ። አንዲት ጥያቄ አልጠየቅሁም። እንዲያውም ሴትዮዋ መጨረሻ ላይ ስለወደደችው ደስ ብሎኝ ነበር። ስንት ነገር ነው እንዲህ ከሙዚቃና ከመኪና ጋር ተጠቅልሎ የገባብን?

አባቴ ቆይተው ተናገሩ። «እውነቷን ነው። ያኔ እኛ መኪናውን ነበር የምናየው።»

ይህን ሲሉ ልጄ ሳቀች፤ እሳቸውም ሳቁ። መኪናው በእርግጥ የሚታይ ነው፤ ጠላትን ከነወንበሩ በጣሪያ የሚያስፈነጥር አስተን ማርቲን። ነገር ግን የ76 ዓመት ሰው በልጅ ልጁ ፊት «እውነቷን ነው» ሲል ማየት፣ ለእኔ ከመኪናው ይበልጥ ነበር።

የጠየቀችው እሷ ብቻ አይደለችም

ከዚያ ማታ በኋላ የገባኝ ነገር አለ። ቦንድ ይህን ያህል የኖረው የልጄን ዓይነት ጥያቄ የራሱ ሰዎች ስለጠየቁት ነው። ከሴት ልጅ የተነሣ ጥያቄ መሆኑ ደግሞ በአጋጣሚ አይደለም። አልበርት ብሮኮሊ እያረጀ ሲሄድ ሥራውን ለልጁ ለባርባራ ብሮኮሊ እና ለእንጀራ ልጁ ለማይክል ዊልሰን አስረከበ። ሁለቱ በ1995 ባወጡት «ጎልደን አይ» የቦንድ አለቃ ሴት ሆነች፤ ጁዲ ዴንች። ገና ፊት ለፊት ሲገናኙ ለሴት ክብር የሌለው፣ ዘመን ያለፈበት ዳይኖሰር መሆኑን ነግራው ቁጭ! ያኔ ያ ንግግር ለእኔ ቀልድ ነበር። አሁን ሳስበው ሴት ልጅ የአባቷን ቤት ስትረከብ መጀመሪያ ያጸዳችው ክፍል ነው።

ከዚያ በኋላ ለውጡ ቀጠለ። በ2006 የቦንድ አሜሪካዊ ወዳጅ ፊሊክስ ላይተር ጥቁሩ ጄፍሪ ራይት ሆነ፤ ጫማ የሚያመጣ ሳይሆን ቦንድ የካርታ ጨዋታ ላይ ሲከስር ገንዘብ የሚሰጠው። በ2012 የጸሐፊዋ የመኒፔኒ ቦታ የናኦሚ ሃሪስ ሆነ፤ እሷም ጠመንጃ ይዛ የምትሰማራ ናት። ያ ፊልም፣ «ስካይፎል»፣ በዓለም ዙሪያ ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ ያስገባ የመጀመሪያው የቦንድ ፊልም ነው። እንግዲህ መለወጥ ገበያ ያባርራል ለሚሉ መልሱ እዚያ አለ። በ2021 ደግሞ ቦንድ ጡረታ ወጥቶ ቁጥሩ፣ 007፣ ለላሻና ሊንች ተሰጥቶ ተገኘ። ላሻና ሊንች ቤተሰቦቿ ጃማይካውያን ናቸው። ከኳረል እስከ እሷ 59 ዓመት ፈጅቷል።

ወላጆች ለምትሆኑ አንድ ነገር ልጨምር። የክሬግ ፊልሞች በአሜሪካ ምደባ ከ13 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ጥንቃቄ ይፈልጋሉ የተባሉ ናቸው። «ካዚኖ ሮያል» ውስጥ ያለው የማሠቃየት ትዕይንት በእኔ ግምት ለ13 ዓመት ልጅም ይከብዳል። የድሮዎቹ ደም የላቸውም፤ ነገር ግን ደም ስለሌለ ብቻ ለልጅ ይሆናሉ ማለት አይደለም። ብቻውን ከሚያያቸው አጠገቡ ተቀምጣችሁ ቢያይ ይሻላል።

የእኛ ሰላዮችስ?

«ጎልድፊንገር» ሲያልቅ ትንሹ ልጄ «እኛ ቦንድ የለንም?» ብሎ ጠየቀ። አባቴ ተነሥተው ከመጽሐፍ መደርደሪያው አንድ ሽፋኑ የተላጠ መጽሐፍ አመጡ፤ በማሞ ውድነህ የተተረጎመው «የኛው ሰው በደማስቆ»። በአባቴ ዘመን የስለላ ታሪክ በአማርኛ ያነበበ ሁሉ ማሞ ውድነህን ያውቃቸዋል። መጽሐፉ በ1965 ደማስቆ ላይ በአደባባይ ስለተሰቀለው የእስራኤል ሰላይ ስለ ኤሊ ኮኸን ነው። ልጄ ሽፋኑን አገላብጦ «እንዴ! ይሄ እኮ ኔትፍሊክስ ላይ ያለው ዘ ስፓይ ነው» አለ። ተከታታዩን ድራማ በ2019 የሠራው ጊዲዮን ራፍ ነው። እሱ በዚያው ዓመት ስለ ቤተ እስራኤላውያን በሱዳን በኩል መውጣት «ዘ ሬድ ሲ ዳይቪንግ ሪዞርት» የሚባል ፊልም አውጥቷል። ታሪኩ እውነተኛ ነው፤ ሞሳድ ሱዳን ውስጥ በቀይ ባሕር ዳርቻ የሐሰት መዝናኛ ሆቴል ከፍቶ ነበር። መንገዱን ከከፈቱት ሰዎች ግንባር ቀደሙ ፈረደ አክሉም የተባለ ኢትዮጵያዊ ነው። ፊልሙ ላይ ግን በሌላ ስም ከጎን ቆሟል። አክተሩ ክሪስ ኢቫንስ ነው።

«ስለዚህ እኛ ሁልጊዜ ኳረል ነን ማለት ነው?» አለች ልጄ።

አባቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሸዋረገድ ገድሌን ማን አስተማራችሁ?»

ሁለቱም አያውቋትም። አባቴ ነገሯቸው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ፣ ከ1928 እስከ 1933 በእኛ አቆጣጠር፣ የውስጥ አርበኛ የሚባሉ ሰዎች ነበሩ። ጫካ አልገቡም። ጠላት በያዘው ከተማ ውስጥ ተቀምጠው ወሬ እየሰሙ፣ ጥይትና መድኃኒት እየደበቁ ለአርበኞች ያቀብሉ ነበር። ከነሱ አንዷ ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ ናቸው። ተያዙ፣ ተሠቃዩ፣ ወደ ጣሊያን አገር አዚናራ ደሴት ተጋዙ። ተመልሰውም ትግላቸውን ቀጠሉ። አስተን ማርቲን የለ፣ የሚፈነዳ ብዕር የለ። ያላቸው ማንም የማይጠረጥረው የእመቤት ቀሚስና የማይናገር አፍ ነው።

ልጆቼ ዝም ብለው ሰሙ። እኔም ብሆን የማውቀው ስማቸውን ነበር እንጂ ታሪኩን ከአባቴ አፍ ሰምቼ አላውቅም። 44 ዓመት ሙሉ አልጠየቅኋቸውማ!

መጨረሻውን ደግመን አየነው

በሦስተኛው ቅዳሜ አባቴ ራሳቸው «ያቺን የሞተባትን መጨረሻ እስቲ መልሱልኝ» አሉ። በ1969ኙ ፊልም ቦንድ ያገባል፤ በሠርጉ ዕለት ሚስቱ ትገደላለች፣ እሱ ይተርፋል። ሕጉ ነዋ፣ አክተር አይሞትም። በ2021 ግን ነገሩ ተገለበጠ። ቦንድ የምትወደው ሴትና አንዲት ትንሽ ልጅ አሉት። በሰውነቱ ውስጥ ለእነሱ ብቻ ገዳይ የሆነው መሣሪያ ገብቷል፤ ከነካቸው ይሞታሉ። ስለዚህ ሚሳኤሉ ወደሚመጣበት ደሴት ላይ ቀረ። በመጨረሻው ትዕይንት እናት ልጇን መኪና ውስጥ አስቀምጣ ስለ አባቷ ታሪክ ልትነግራት ትጀምራለች።

አባቴ መነጽራቸውን አወለቁ። «አባት ሆኖ ነው የሞተ» አሉ ቀስ ብለው። «ይሁን። ይሄኛውም ቦንድ ነው።»

የቦንድ ቤተሰብ ሥራም ራሱ እጅ ቀይሯል። በየካቲት 2025 ባርባራ ብሮኮሊ እና ማይክል ዊልሰን የፈጠራ ውሳኔውን ለአማዞን ኤምጂኤም አስረከቡ። ቀጣዩን ፊልም የሚመራውም ደኒ ቪልነቭ እንደሆነ በዚያው ዓመት ተነገረ። ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የቆየው ጀግና ከእንግዲህ የኩባንያ ነው። የእኛዎቹ ግን ገና ቤት ውስጥ ናቸው፤ በአያቶቻችን አፍ። ሳንጠይቅ ካለፉ ማንም ኩባንያ ገዝቶ አይመልሳቸውም። ስለዚህ በዚህ ወር አንድ ቅዳሜ ማታ የምትወዱትን የድሮ ፊልም ከነስህተቱ ከልጆቻችሁ ጋር እዩ፤ ከተቆጧችሁም ስሟቸው። ሲያልቅ ደግሞ ቴሌቪዥኑን ዝጉና ለአያት ወንበሩን ልቀቁ።

እኛ ቤት ገና ሳይዘጋ ስሞቹ እስከ መጨረሻው ወረዱ። ትንሹ ልጄ እንደገና ከሶፋው ተነሣ።

«ማሚ! እይ፣ ጄምስ ቦንድ ይመለሳል ይላል!»

አባቴ ጋቢያቸውን ሰብስበው ወደ መኝታቸው እየሄዱ ነበር። ዞር ብለው አዩን።

«አላልኳችሁም?»